ለሞተር የመጡ ሽማግሌዎች

ግቢያችን ሦስት ሽማግሌዎች የገቡበትን እሑድ የሰፈሩ ሰው እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል፤ የሚያስታውሰው ግን በስህተት ነው። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ሥራ ይዣለሁ፣ አላገባሁም። ነጭ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራ ይዘው እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለችበት ቤት ሲገቡ «ለምን መጡ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። ጎረቤታችን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አንድ ጊዜ እልል አለች። ከዚያ ሙሽራው ማን እንደሆነ አለማወቋ ትዝ ሲላት ሁለተኛውን እልልታ ለጊዜው አቆየችው።

ሽማግሌዎቹ ግን የመጡት ለእኔ አልነበረም። የመጡት ለሞተር ነበር።

«የሰው ልጅ በሽማግሌ ይጠየቃል፤ የኔን ቤት ግን ብረት አስጠየቀው» አለች እናቴ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹን እየደረደረች። ቀልድ ይመስላል እንጂ ከልቧ ተናዳ ነበር። ሦስት ሽማግሌ በአንድ ጊዜ ግቢዋ ሲገባ የምታየው ምን ያህል ጊዜ ነው? ያውም በከንቱ።

ሞተሩ የአባቴ መኪና ሞተር ነው። አባቴ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ከተማችን ገና «አዋሳ» እየተባለች በምትጻፍበት ጊዜ፣ ጓዙን ሸክፎ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ የውጭ ሰው ላይ ጀርመን ሠራሽ የቤት መኪና ገዛ። ያኔም ቢሆን አሮጌ ነበረች፤ ግን እርጅናዋ የእመቤት እርጅና ነው። ቀለሟ ክሬም፣ ወንበሮቿ ቀይ ቆዳ፣ መሪዋ እንደ ሰፌድ ሰፊ፣ ኮፈኗ ደግሞ ተለክቶ የማያልቅ። እኛ ቤት ስሟ «ጀርመኗ» ነበር።

ኮፈኗ የረዘመው ያለ ነገር አይደለም። ስድስት ፒስተን ያለው ሞተር ሞልቷል፤ የጀርመኗ ግን ስድስቱም ጠዋት ባንዲራ ሲሰቀል እንደሚሰለፉ ተማሪዎች በአንድ ረድፍ ከፊት ወደ ኋላ የቆሙ ናቸው። ይህን ያስተማረኝ መካኒኩ ነው።

መካኒኩ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ባለ ሁለት ክፍል ጋራዥ ነበረው። ሲዳማ ነው፣ ፕሮቴስታንት ነው፣ በቸርቹ መዘምራን ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚይዘው እሱ ነው። ኮፈን ከመክፈቱ በፊት እጁን ጭኖ ይጸልያል። አባቴ ይህን አይቶ «ፓስተር» አለው። እሱም በምላሹ መካን በካርታ ላይ እንኳ አይቶ የማያውቀውን አባቴን «ሐጂ» አደረገው። ጀርመኗ እንግዲህ በሁለት ወገን የተጠበቀች መኪና ነበረች፤ አንዱ ኮፈኗ ላይ ይጸልያል፣ አንዱ ቁልፉን ሲያዞር «ቢስሚላህ» ይላል። እኔ ፓስተርን ሳነጋግረው እርስዎ እላለሁ። በልቤ ግን ሁልጊዜ አንተ ነው፤ እዚህም እንደ ልቤ እጽፈዋለሁ።

ፓስተር ጥገና ሲጨርስ የሚሠራት አንድ ነገር ነበረችው። ሞተሩን አስነስቶ፣ ከኪሱ ሽልንግ፣ ያችን የሃምሳ ሳንቲም ዝርዝር ያወጣና እየሠራ ያለው ሞተር ጀርባ ላይ በጠርዟ ያቆማታል። ትቆማለች። ሞተሩ እየዞረ፣ ቤንዚን እየነደደ፣ ሽልንጓ ጸጥ ብላ ትቆማለች። ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፤ ምስጋናው የማን እንደሆነ እንዲታወቅ። አንድ ጊዜ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ አይተሽ የለ?» አለኝ። «አንዷ ስታነሳ አንዷ ታወርዳለች፤ ዘነዘናቸው አይጋጭም። እዚህ ውስጥ ሦስት ጥንድ ወቃጮች አሉ። ሁሉም ተራቸውን ያውቃሉ። ተራውን የሚያውቅ ሰው አይጮኽም፣ አይገፋም።»

ተራቸውንም አስተማረኝ። እሳት የሚያገኙት በመስመራቸው አይደለም፤ አንድ አምስት፣ ሦስት ስድስት፣ ሁለት አራት። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ ጋራዡ ሲሚንቶ ላይ ስድስት ሳጥን በጠመኔ ሥሎልኝ ሰኞ ማክሰኞ በዚያ ተራ ያዘልለኝ ነበር። ከአንድ ወደ አምስት ለመዝለል የፌንጣ እግር ያስፈልጋል፤ እኔ ግን እየሮጥኩም ቢሆን እደርስ ነበር። ሌሎች ልጆች የማባዛት ሠንጠረዥ ሲሸመድዱ እኔ አንድ አምስት፣ ሦስት ስድስት፣ ሁለት አራት እል ነበር። ይህ ዕውቀት በኋላ ምን እንደሠራ እነግራችኋለሁ።

እሑድ እሑድ ፓስተር ከቸርች ሲመለስ በቀጥታ እኛ ቤት ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች ጀርመኗን ይዘው ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ፤ ዓሣ ይበላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ አባ ኮዳዎቹ ራሰ በራቸውን ይዘው ሲንጎማለሉ እያዩ የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በየተራ ከወፎቹ ጋር ያመሳስላሉ። አባቴ ሲነዳ የፈረስ ጋሪ ይቀድመዋል። ፓስተር ደግሞ ከጎኑ ተቀምጦ የሞላ የሻይ ብርጭቆ በእጁ ይይዛል፤ ከግቢያችን እስከ ሐይቁ አንዲት ጠብታ እንዳይፈስ። ከፈሰሰ ጥፋቱ የአባቴ ነው፤ ሞተሩማ እንደማያንቀጠቅጥ የታወቀ ነው። ለዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ አልሰለቻቸውም።

እኔን ግን ሰለቸኝ። በመምህርነት የተመደብኩት ቱላ ነበር። በየጠዋቱ መንገድ ዳር ቆሜ ሚኒባስ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ ሙሉ ነው፤ ሙሉም ሆኖ ይጨምራል። የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ፣ የዶሮ እግር ደብተሬን እየቧጨረ ትምህርት ቤት ስደርስ አንድ ጊዜ አስተምሬ የጨረስኩ ያህል ደክሞኛል። እኔ መንጃ ፈቃዴን በቦርሳዬ ይዤ እንዲህ ስሆን ጀርመኗ አቮካዶው ዛፍ ሥር ተኝታለች። ቤንዚን ስለምትጠጣ ከእሑድ በቀር አትወጣም። ፍሬው ሲደርስ አቮካዶ ጣሪያዋ ላይ ዱብ ይላል፤ አባቴ ከሳሎን «አይዞሽ!» ይላታል። እኔን በክርን ሲደቁሱኝ አይዞሽ ያለኝ ሰው የለም።

«አባ» አልኩት አንድ ቀን፣ «ይቺ መኪና የክት ቀሚስ ናት። እኔ የምፈልገው የአዘቦት መኪና ነው።»

መፍትሔውንም ይዤ ነበር የመጣሁት። በዚያ ዘመን አሮጌ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ሞተሩን እያወረደ የሚኒባስ ናፍጣ ሞተር ያስገባ ነበር፤ ባለ አራት ፒስተን፣ ትንሽ የሚጠጣ፣ መለዋወጫው በየሱቁ የሚገኝ። ድምፁ ወፍጮ ቤት ነው፤ ግን ወፍጮ ቤትም ቢሆን ቱላ ያደርሳል። አባቴ ለሦስት ቀን ጀርመኗን ሲዞራት ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ቁርስ ላይ «ልጄ መንገድ ላይ ቆማ እኔ ብረት አላቅፍም» አለና ተነሥቶ ወደ ፓስተር ሄደ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ደስታዬን ለመደበቅ ስታገል መንገዱ አለቀ።

ፓስተር ሰምቶ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠራረገ። እያንዳንዱን ጣት ለብቻው ጠራረገ።

«አላወርድም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አባቴ። «መኪናዋ የኔ አይደለችም?»

«መኪናዋ ያንተ ናት፤ ሞተሩ ግን የሁለታችን ነው። ጓርኒሲዮኑ፣ ያ የሞተሩ ማሸጊያ፣ ሲቃጠል በዚህ አገር የለም ሲባል ቆርጬ የሠራሁት በነዚህ እጆች ነው። ጤነኛ ሞተር አላወርድም፣ ሐጂ። የሞተ አምጣልኝ፣ አወርድልሃለሁ።»

«ሌላ መካኒክ የለም መሰለህ!»

«ሞልቷል። ሂድ።»

አባቴ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂም ፓስተርም የሚባል ስም ከቤታችን ጠፋ። አባቴ «ያ ሰውዬ» ይላል፤ ያኛውም ገበያ ላይ ሲያገኘው «እንደምን ዋሉ?» ይለዋል አሉ፣ እንደማያውቀው ሰው። እሑዶቹ ጭር አሉ። አባቴ ሌላ ጋራዥ ቀጠሮ ይይዝና ቀኑ ሲደርስ አንድ ጊዜ ጉንፋን፣ አንድ ጊዜ ለቅሶ፣ አንድ ጊዜ የሱቅ ቆጠራ ያገኛል። በየጠዋቱ ግን ሳያቋርጥ ጀርመኗን ያስነሳታል፤ ኮፈኑን ከፍቶ ያዳምጣል፣ «ደህና ነው» ይላል፣ ያጠፋታል። ይህን በየቀኑ እያየሁ ምንም አለመረዳቴ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ልጅ ወላጁን የሚያየው የፈለገውን ሲሰጠውና ሲከለክለው ብቻ ነው መሰለኝ።

ሁለት ወር እንዲህ ሆኖ፣ ፓስተር ሽማግሌ ላከ። አንደኛው ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ፤ ሁለተኛው የአባቴ የሱቅ ጎረቤት፤ ሦስተኛው ከቱላ የመጡ፣ ዕድሜያቸውን ራሳቸውም የማያውቁት የሲዳማ ሽማግሌ። ጉዳዩ ለእሑድ ከሰዓት ተቀጠረ።

እኔም ፈራሁ። ፓስተርን አውቀዋለሁ፤ ክርክር አያበዛም። ሞተሩን አስነስቶ ሽልንጓን ያቆማታል፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ይቀስራል፣ ሽማግሌዎቹ አጃኢብ ይላሉ፤ በቃ፣ እኔም ዕድሜ ልኬን ከዶሮ ጋር ቱላ እመላለሳለሁ። ስለዚህ እሑድ አባቴ ለዙህር ሶላት መስጊድ ሲሄድ፣ እናቴ ጓዳ ሳለች፣ ኮፈኑን ከፈትኩ። ለየፒስተኑ እሳት የሚያደርሱት ስድስቱ የካንዴላ ገመዶች ተደርድረዋል። አላመነታሁም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። አንድ አምስት፣ ሦስት ስድስት አልኩ፤ ሁለተኛውንና አራተኛውን ነቅዬ ቦታ አለዋወጥኳቸውና ኮፈኑን ዘጋሁ። እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ለሽማግሌዎቹ ወንበር ያወጣሁትም እኔው ነኝ።

ሽማግሌዎቹ አቮካዶው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ አባቴ በአንድ ወገን፣ ፓስተር በሌላ ወገን፣ ጀርመኗ መሃል። የቱላው ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙና «አፊኒ?» አሉ። በሲዳማ ወግ ሰው ዝም ብሎ አይናገርም። «ሰማችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጆሮ ሲሰጠው ነው የሚቀጥለው፤ የያዘውም ቃል እውነት መሆን አለበት። እውነቱን ሐላሌ ይሉታል፤ ፓስተር በዚህ ነገር አይቀልድም። የተበላሸ መኪና ሊሸጥ የመጣ ሰው ጋራዡ ደጃፍ ላይ ገዢ ይዞ አይቆምም፤ ፓስተር ችግሩን ለገዢው አንድ በአንድ ቆጥሮ ያስረዳዋላ!

አባቴ ተናገረ። ስለ ቤንዚን ተናገረ፣ ስለ ሚኒባስ ተናገረ፣ «ልጄ ትቆማለች» አለ። ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ፓስተር ተናገረ። ከሁለት ዓረፍተ ነገር አላለፈም፤ «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ጤነኛ ነገር አይወርድም» አለ። ዳይሬክተሩ የሁለቱን ወገን ነጥብ እንደ ፈተና ወረቀት አንደኛ፣ ሁለተኛ እያሉ አጠቃለሉ።

የቱላው ሽማግሌ ሁሉንም በጥሞና ሰምተው ወደ መኪናዋ ዞሩ።

«ስለ እሱ ሁላችን ተናገርን» አሉ። «እሱ ግን አልተናገረም። ሰው በሌለበት አይፈረድም። አስነሱት።»

አባቴ ገባ፣ «ቢስሚላህ» አለ፣ ቁልፉን አዞረ። ፓስተር ኮፈኑን አነሳ፤ ከልማዱ እጁን ጫነ፤ ሽልንጓን ከኪሱ አወጣ።

ሞተሩ ተነሳ። ተነሳ ማለት ከተባለ። ጀርመኗ ወባ እንደያዘው ሰው ተንዘፈዘፈች፤ መብራቶቿ ሳይቀሩ ተርገፈገፉ። ቀጥሎ የጭስ ማውጫዋ ዷ! ብሎ ተኮሰ። የሱቅ ጎረቤታችን ሻዩን ጋቢው ላይ ደፋ። ከአጥሩ ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን የደስታ ተኩስ መስሏት ያቆየችውን እልልታ ለቀቀችው፤ ያውም ሦስት ጊዜ።

ፓስተር ሽልንጓን አቆማት። ወደቀች። አባቴ ከመኪናው ወርዶ ከመሬት አነሳት፣ በቀሚሱ ጠረጋት፣ ራሱ አቆማት። ወደቀች። ደግሞ አነሳት። በሦስተኛው ጎንበስ ብሎ፣ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ሕፃን ልጅ መቆም እንደሚያስተምር ሰው ቀስ ብሎ ለቀቃት። ወደቀች፤ ተንከባላ ጎማው ሥር ገባች። አባቴም ተንበርክኮ ይፈልጋት ጀመር።

ያኔ ገባኝ። አባቴ ለመሸነፍ ነበር የመጣው። ሁለት ወር ሙሉ ጉንፋንና ለቅሶ ሲያገኝ የከረመው፣ በየጠዋቱ «ደህና ነው» ሲል የከረመው፣ ሽማግሌ ፊት ተቀምጦ እንዲረታ ነበር። ለእኔ ሲል አዎ ብሏል፤ ሽማግሌ አይሆንም ቢለው ግን ለእኔም ቃሉን ሳያጥፍ፣ ጓደኛውንም ሞተሩንም ሳያጣ ይቀርለት ነበር። እኔ ያን መንገድ በሁለት ገመድ ዘጋሁበት። ባለ አራት ፒስተን ፈልጌ አልነበር? ይኸው፣ በአራት ፒስተን የሚንፏቀቅ ሞተር አደረግኩለት።

ፓስተር ረጅሙን ካቻቢቴ አነሳ። ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ እንደ ሐኪም ያዳምጥ ጀመር። አንደኛው ላይ ትንሽ ቆየ። ሁለተኛው ላይ ብዙ ቆየ። ሦስተኛውን አለፈ። አራተኛው ላይ ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ወደ ገመዶቹ አየ፤ ከገመዶቹ ወደ እኔ አየ። አዋሳ ውስጥ ያንን ተራ በቃሉ የሚያውቅ ሁለት ሰው ነበር፤ አንዱ እሱ ነው።

ካቻቢቴውን አስቀምጦ ሞተሩን አጠፋው። 

«ምን አገኘህበት?» አሉ የቱላው ሽማግሌ።

ፓስተር ጣቶቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ጠራረገ። መዋሸት አይችልም፤ ይህን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እኔን ሽማግሌ ፊት፣ አባቴ ፊት ማዋረድም አልፈለገም። ከሁለቱ ውጭ የቀረችው መንገድ አንዲት ነበረች፤ እሷን ወሰደ።

«ሐጂ ያለው ይሁን» አለ። «ይውረድ። ሌላ ሰው እንዳይነካው ግን፤ እኔው ራሴ አወርደዋለሁ።»

በሁለት ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ሐጂ» አለ። አባቴ ጎማው ሥር እንደተንበረከከ ቀና አላለም። ሽልንጓን አግኝቷት በመዳፉ ይዟታል፤ አሸንፏል፤ ሲያሸንፍ እንደዚያ የከፋው ሰው ግን አላየሁም።

ከወንበሬ ተነሣሁ።  በሽማግሌ ጉባኤ መሃል ሳይጠየቁ መናገር ነውር መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ የሰማሁትን ያህል ሞከርኩ።

«አፊኒ?» አልኩ።

የቱላው ሽማግሌ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰምተናል፣ ልጄ። ተናገሪ» አሉ።

ተናገርኩ። ሁለተኛውንና አራተኛውን አልኩ፣ ዙህር ላይ አልኩ፣ ማን እንዳስተማረኝም አልኩ።  እናቴ በረንዳው ላይ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ይቺ ናት መምህርቷ?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ሂጂና መልሺው» አሉ የቱላው ሽማግሌ።

ሁሉም እያዩኝ ኮፈኑ ሥር ጎንበስ አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ የማውቀው ተራ ጠፋኝ። ከኋላዬ ፓስተር በዚያ ወፍራም ድምፁ ቀስ ብሎ «አንድ አምስት፣ ሦስት ስድስት፣ ሁለት አራት» አለ። በዚያ ተራ ጨረስኩ። አባቴ አስነሳት። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ጸጥ አለ፤ የጠፋ የመሰላቸው ሽማግሌ ነበሩ። አባቴ መጥቶ ሽልንጓን አቆማት። ቆመች። የአቮካዶ ቅጠል ስትወድቅ ይሰማል፤ ሽልንጓ ቆማለች።

ፓስተር ጣቱን ወደ ሰማይ አልቀሰረም በዚያን ቀን። እጁን የአባቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ፤ አባቴም ተወው።

ፍርዱን የሰጡት የቱላው ሽማግሌ ናቸው። «ውሸቷን እንጥላለን» አሉ፤ «ችግሯን ግን አብረን አንጥልም። ልጅቷ መንገድ ላይ ትቆማለች፤ ይህ እውነት ነው። ሞተሩ አይወርድም። መኪናዋ ግን ከዚህ ዛፍ ሥር ትውጣ። ሰኞ ሰኞና ዓርብ ዓርብ ልጅቷን ቱላ ታድርስ። በቀረው ቀን እንደ ሰው ትሳፈር፤ ሚኒባስ ገድሎ አያውቅም።» ሲሄዱ ደግሞ ሰኞ በስንት ሰዓት እንደምነሳ ጠየቁኝ፤ እርሳቸውም ወደ ቤታቸው የሚመለሱት ሰኞ ነበርና።

እኔ ያን ቀን ከእናቴ ምን እንደሰማሁ አልጽፈውም። ጎረቤታችን በማግስቱ ድፎ ዳቦ ይዛ እንኳን ደስ ያላችሁ ልትል መጣች፤ እናቴ የተፈጠረውን ከመንገር ዳቦውን መቀበል ቀልሏት ተቀበለቻት። ከአባቴ ግን አንድም የቁጣ ቃል አልሰማሁም። ሽማግሌዎቹ ከወጡ በኋላ መጥቶ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ እሱ እያለ ጀርመኗን ሌላ ሰው ነድቷት አያውቅም።

«ወደ ሐይቁ» አለ፤ ኋላ ገብቶ ተቀመጠ።

ፓስተር ከእናቴ ትሪ ላይ የሞላ ብርጭቆ አነሳና በሌላኛው በር ገብቶ ከጎኑ ተቀመጠ። ሁለቱም ቀዩ ወንበር ላይ እንደ ባለሥልጣን ተንሰራፉ። ኮፈኗ ከፊቴ ረጅም ነው፤ ጫፉ ላይ ሌላ ሰው የሚነዳው ይመስላል። ከግቢ ወጣሁ። ዋናውን መንገድ ያዝኩ። ጋሪ ቀደመኝ፤ ተውኩት። ከኋላዬ ሁለቱ ስለ ዓሣ፣ ስለ ዳይሬክተሩ፣ ጋቢው ላይ ሻይ ስለፈሰሰበት ሰው ሲያወሩ እሰማለሁ። ሁለት ወር የተጠራቀመ ወሬ ነበራቸው። በመሃል አባቴ «ታዲያ ለምን አልተናገርክባትም?» ሲለው ሰማሁ፤ ፓስተርም «ያንተ ብቻ ልጅ ናት እንዴ?» አለው።

ወደ ሐይቁ የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ሻዩ ፈሰሰ። ከግማሽ በላይ በአባቴ ነጭ ጀለቢያ ላይ።

«ሐጂ፣ ሞተሩ አይደለም» አለ ፓስተር ፈጠን ብሎ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ፣ ልብሱን እያራገፈ። «እጇ ነው። ተዋት፣ ይውጣላት።»

በመስታወቱ ወደ ኋላ አላየሁም። መንገዱንም በእንባዬ መሃል በግድ ነበር የማየው።